የተቆለፈውን የኮምፒውተር ክፍል ማስከፈት፦ የአይሲቲ መምህራንን ማገዝ ለሚፈልጉ በጎ ፈቃደኞች ዝርዝር መመሪያ

ከዓመታት በፊት በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ሰሌዳው ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ። የትምህርቱ መምህር ከኋላ ተቀምጦ ደብተር ያርማል። ልጆቹ ወደዱኝ፤ እኔም ደስ እያለኝ ተመላለስኩ። ከዚያ ሥራ ቀየርኩና መሄድ አቆምኩ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ለሌላ ጉዳይ ጎራ ስል ክፍሉ ተቆልፏል፤ ሞኒተሮቹ የለበሱት ጨርቅ አቧራ ጠጥቷል። መምህሩ ግን እዚያው ነበር። «አንተ ከሄድክ ማን ይክፈተው?» አለኝ። ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ የሆነውን ነው የነገረኝ።

ይህን የምጽፈው ያንን ስህተት እንዳትደግሙት ነው። ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ትምህርት ቤት ሲሄድ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ልጆቹ ላይ ነው። የእናንተ የመጀመሪያ ተማሪ ግን መምህሩ ወይም መምህርቷ ናቸው። እናንተ የሳምንት እንግዳ ናችሁ፤ እነሱ ነገም፣ ከነገ ወዲያም እዚያው ናቸው።

የፕላዝማ ትምህርትን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት እየተሰራጨ በቴሌቪዥን ይቀርብ ነበር። ዕቅዱ ትልቅ ነበር። ግን ትምህርቱ በራሱ ፍጥነት ይሮጣል፣ መምህሩ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ጥግ ይይዛል፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ዕቃው ሲበላሽ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። ሰሌዳውን ከመምህሩ የሚቀማ በጎ ፈቃደኛም በእግሩ የሚሄድ ፕላዝማ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን በደንብ ያሰበበት አንድ ፕሮግራም አለ፤ ቲልስ ይባላል። ቀድሞ መምህር የነበረ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው ሲሆን፣ ባለሙያዎች በበጎ ፈቃድ ከመምህሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ያስተምራሉ። ግቡ መምህሩ ትምህርቱን ቀስ በቀስ ተረክቦ ብቻውን እንዲቀጥል ነው። እኛም የምንይዘው መንገድ ይኸው ነው።

ጉዳዩ ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውስ በእጁ ይዞ የማያውቅ ልጅ የአራት ዓመት ልፋቱን በማውስ ሊመልስ ሲቀመጥ አስቡት።

1. በር ማንኳኳት

ዘመድ ስላላችሁ ወይም የድሮ ትምህርት ቤታችሁ ስለሆነ ብቻ ዘው ብላችሁ አትግቡ። አንድ ገጽ ደብዳቤ በአማርኛ ጻፉ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሰጡ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደምትቆዩ፣ ምንም ክፍያ እንደማትጠይቁ። ደብዳቤውን ለርዕሰ መምህሩ ስጡ፤ የመታወቂያችሁን ኮፒ አያይዙ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ድጋፍ እንድታጽፉ ይጠይቃል። አትማረሩ፤ ልጆች ያሉበት ቦታ ነውና መጠየቁ ተገቢ ነው።

የምትችሉትን ብቻ ቃል ግቡ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ለአንድ ሴሚስተር፣ ሳይቋረጥ፣ በወር አንድ ቀን ከሚመጣ ትልቅ ዘመቻ ይበልጣል። የክረምት በጎ ፈቃድ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ነገር ግን ክረምት ላይ መምህሩ ብዙ ጊዜ ዕረፍት ላይ ነው። ለዚህ ሥራ የሚመቸው መስከረም መጨረሻ ላይ ተነጋግሮ ጥቅምት መጀመር ነው።

2. የኮምፒውተር ክፍሉ (ላቡ) ለምን እንደተቆለፈ ማወቅ

ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ይህ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ጊዜ እንድትሰጡት እፈልጋለሁ።

ኮምፒውተር ያለው ግን የማይከፈት ክፍል ስታዩ መምህሩ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ቁልፉን በእጃቸው እያገላበጡ እንዲህ ብለውኛል፦ «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ በስሜ ነው ያለው። አንዱ ቢጠፋ በየትኛው ደመወዜ ልከፍለው ነው?» እውነታቸውን ነው። የመንግሥት ንብረት በሞዴል 19 (የንብረት መቀበያ ቅጽ) ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 (የንብረት ማውጫ ቅጽ) ወጪ ሲደረግ የሚፈርም ሰው አለ፤ ዕቃው ከተበላሸ ወይም ከጎደለ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ስለዚህ የተዘጋ ላብ ማለት ለዚያ ሰው እፎይ ብሎ መተኛት ማለት ነው። ይህን ፍርሃት ሳታቀሉ ልጆቹን አታገኟቸውም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ካቻቢቴ ይዛችሁ አትሂዱ። ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ከመምህሩና ከንብረት ኃላፊዋ ጋር ሆናችሁ እያንዳንዱን ማሽን በንብረት ቁጥሩ መዝግቡ፦ ይበራል ወይስ አይበራም፣ ሞኒተር አለው ወይ፣ ኪቦርድና ማውሱ ይሠራሉ ወይ፣ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ስንት ጊጋባይት ነው፣ የትኛው ዊንዶውስ ተጭኖበታል። ሦስታችሁም ፈርሙ። ይህ ወረቀት «በጎ ፈቃደኛው አበላሸው» ከሚል ሐሜት እናንተን፣ ከዕዳ ደግሞ እነሱን ይጠብቃል። ከሁለት የሞቱ ማሽኖች አንድ ጤነኛ መሥራት ይቻላል፤ ግን ከአንዱ ነቅሎ ወደሌላው ከመትከል በፊት የርዕሰ መምህሩ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የተነቀለው ዕቃም ከየትኛው ቁጥር ወደ የትኛው እንደሄደ ይመዝገብ። ማውስም ሆነ ገመድ ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ ስጦታው በሞዴል 19 ገቢ ይሁን። ያልተመዘገበ ስጦታ ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለው ዕቃ ደግሞ ቶሎ እግር ያወጣል።

3. የጥገና ቀን

መምህሩ አጠገባችሁ ካልቆመ አትጀምሩ። ካቻቢቴውን የሚይዘው እሱ ይሁን፤ እናንተ በቃል ምሩት።

በአገራችን ላቦች ሞተ ከሚባለው ማሽን ብዙው አልሞተም። በጣም የተለመደው ይህ ነው፦ ኮምፒውተሩ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ሞኒተሩ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፣ ውስጡ ቢፕ ቢፕ ይላል። የመብራት ገመዱን ንቀሉ፤ የማብሪያ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ ሽፋኑን ክፈቱና እጃችሁን ያልተቀባ ብረቱ ላይ አሳርፉ። ራሙን ከሁለቱም ጫፍ ያለውን መያዣ ገፍታችሁ አውጡት። ወርቃማ ጥርሶቹን በለስላሳ ነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ እሹት፤ ፍርፋሪውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ መልሳችሁ «ቀጭ» እስኪል ተጫኑት። ሞኒተሩ ቦግ ሲል የመምህሩን ፊት ታያላችሁ። ሁለተኛውን ማሽን ሳትጠይቁት ራሱ ይከፍተዋል።

ሁለተኛው የተለመደ ችግር ሰዓቱ ነው። ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይመለሳል፤ ኢንተርኔት ሲከፈት ደግሞ ድረ ገጾች «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ እምቢ ይላሉ። ብዙ መምህራን ቫይረስ ይመስላቸዋል። ያለቀው ግን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት፤ ቁጥሯ 2032 ነው፣ ሰዓት ቤት ትገኛለች።

ፓወር ሰፕላዩን (ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለውን ሣጥን) ግን አትክፈቱ። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚጎዳ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ለቫይረስ የኢንተርኔት ቤቶች የሚጠቀሙበት ዲፕ ፍሪዝ የሚባል ሶፍትዌር ለላብም ይሠራል፤ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ወደነበረበት ይመለሳል። ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ የተማሪ ሥራ የሚቀመጥበት ዲ ድራይቭ ከዲፕ ፍሪዝ ቁጥጥር ውጭ ይሁን፤ አለበለዚያ ልጁ የለፋበት ሁሉ በማግስቱ የለም። ሁለተኛ፣ የይለፍ ቃሉን ለመምህሩ ስጡት፤ አንድ ቅጂ ደግሞ በታሸገ ፖስታ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ይቀመጥ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ጥሎ በመሄዱ ብቻ ለዓመታት ምንም ሊጫንባቸው ያልቻለ ማሽኖች አይቻለሁ።

4. ኢንተርኔት የለም ብላችሁ አስቡ

ኢንተርኔት ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ዝግጅታችሁ ግን ያለ እሱ ይሁን። የሚያስፈልጋችሁን ቤታችሁ አውርዳችሁ በሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ።

ለፕሮግራሚንግ መግቢያ ከስክራች የሚሻል አላገኘሁም። ትዕዛዞቹ እንደ ጡብ እየተገጣጠሙ የሚሠሩ ስለሆኑ ልጁ ፊደል ስቶ ፕሮግራሙ አይበላሽበትም። ከቋንቋ ምርጫው ውስጥ አማርኛን መምረጥ ይቻላል። አዲሱ ስክራች ዊንዶውስ 10 ይፈልጋል፤ ላቡ ውስጥ ያሉት አሮጌ ማሽኖች ከሆኑ የድሮው 1.4 በትንሽ ራም ይሠራል። ለማንበቢያ ኪዊክስ አለ፤ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ሙሉው እንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ ከመቶ ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ተመርጦ የተጨመቀውን ውሰዱ። ኮሊብሪ የሚባለው የትምህርት ሶፍትዌር ደግሞ አንድ ማሽን ላይ ተጭኖ ሌሎቹ በገመድ ወይም በዋይፋይ እንዲያዩት ያደርጋል፤ የካን አካዳሚ ትምህርቶችም ይገኙበታል።

የአማርኛ መጻፊያ መጫን አትርሱ። ስሟን በራሷ ፊደል ስክሪን ላይ ያየች ልጅ ጓደኞቿን ጠርታ ታሳያለች፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሌላ ሰው ዕቃ መስሎ አይታያትም።

5. ከመምህሩ ጋር የሚውለው ሰዓት

ከክፍል በፊት፣ ልጆች በሌሉበት፣ አንድ ሰዓት ከመምህሩ ጋር ተቀመጡ። የሥራው ልብ ይህ ሰዓት ነው። የራሳችሁን ትምህርት ይዛችሁ አትምጡ፤ የመማሪያ መጽሐፉን ክፈቱና «በዚህ ሳምንት የቱ ምዕራፍ ላይ ነን?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ምዕራፍ በእጅ የሚሠራ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። መምህሩ ራሱ ሁለት ጊዜ ይሥራው፦ አንዴ እያገዛችሁት፣ አንዴ ብቻውን።

አንዳንድ መምህራን ኮምፒውተር ሳይንስ ተምረው የመጡ ናቸው፤ ከእናንተ በላይም ሊያውቁ ይችላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሰው ስለጠፋ ከሒሳብ ወይም ከፊዚክስ ተወስደው የተመደቡ ናቸው። ሁለቱንም በአክብሮት ያዙ። በዕድሜ ከፍ ያሉትን አንቱ በሉ። የማያውቁትን ሲነግሯችሁ ፊታችሁ ላይ መደነቅ አይታይ፤ አንዴ ያፈረ መምህር ሁለተኛ አይጠይቅም።

የአነጋገር ስምምነትም አብጁ። መምህሩ ክፍል ውስጥ ቢጠፋበት እናንተ ወደ ሰሌዳው አትሂዱ። እኔና አንዲት መምህርት የተስማማነው እንዲህ ነበር፦ እሷ ስትጠራጠር «እስኪ ይህን ማን ይሞክረዋል?» ትላለች፤ እኔ በዚያ ፋታ ከኋላ ዞሬ በአንዱ ልጅ ማሽን ላይ መልሱን አሳያለሁ፤ ልጁም ለክፍሉ ያሳያል። ክብሯ አልተነካም፣ ትምህርቱም አልቆመም። በሁለተኛው ወር ያን ዓረፍተ ነገር ሳትፈልገው ቀረች። ማረም ያለባችሁን ነገር ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ ሻይ እየጠጣችሁ ተነጋገሩበት።

መምህሩ ራሱን ማሻሻል ከፈለገ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ይፋ የሆነውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጠቁሙት። በነፃ ነው፣ የምስክር ወረቀትም አለው፤ ከትምህርቶቹ መካከል የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ፣ የዳታ ሳይንስና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መግቢያ ይገኙበታል። ብቻውን ጀምሮ የሚያቋርጠው ብዙ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትምህርቶች አብራችሁት ተቀመጡ።

6. ክፍሉ ውስጥ

60 ተማሪ፣ 18 የሚሠራ ማሽን። እንዲህ ያለ ክፍል ሁሉንም አንዴ ካስገባችሁ ትርምስ ነው። ግማሹ ላብ ሲገባ ግማሹ ክፍሉ ውስጥ የወረቀት ሥራ ይሥራ፤ በፈረቃ የሚማሩ ከሆነ ደግሞ የከሰዓቶቹን ጠዋት መጥራት ይቻላል። አንድ ማሽን ላይ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ልጅ። አንዱ ማውሱን ይይዛል፣ ሌላው በቃል ይመራል፤ በየ10 ደቂቃው መምህሩ ሲያጨበጭብ ይለዋወጣሉ።

ጭብጨባው ካልተጠበቀ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፦ ማውሱ በደፋሩ ወንድ እጅ ይቀራል፤ ልጅቷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያለች። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ እሷም «ተምራለች» ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ሴቶቹ ይያዙ። መምህሩ ይህን እንደ ደንብ ያውጀው እንጂ በየጊዜው አይለማመጥበት።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ቀላል ይሁን፦ በፔይንት ቤታቸውን ይሳሉ። አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ ማውሱን እየገፋች ጠረጴዛው ጫፍ ደረሰች። ቀስቱ ገና ስክሪኑ መሃል ላይ ነው። ክንዷን ዘረጋች፣ ከዚያ ወንበሯን ወደ ጎን ጎተተች። ማውሱን አንስቶ ወደ መሃል መመለስ እንደሚቻል ማንም አልነገራትም። እኛ ከለመድነው በመቆየታችን የረሳነው እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ነው። ስለዚህ እጃቸውን ተመልከቱ፤ ስክሪኑን ብቻ አትዩ። የልጅን ማውስ ደግሞ ፈጽሞ ከእጁ አትንጠቁ። እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምራችሁ በቃል ንገሩት።

7. መብራት ሲጠፋ

ይጠፋል። መምህሩ በዚያ ቀን ልጆቹን እንዳይበትን ቢያንስ ሦስት የወረቀት ትምህርት በመሳቢያው ይኑረው። እኔ የምወደው የነጥብ ካርዶችን ነው።

አምስት ካርቶን ቁረጡ፤ በአንድ ፊታቸው ላይ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ነጥብ ሳሉ። አምስት ልጆች ካርዶቹን ይዘው በዚሁ ቅደም ተከተል፣ 16ቱ ለክፍሉ በግራ በኩል እንዲታይ ሆነው ይቁሙ። ነጥቡ የሚታይ ከሆነ 1፣ ከዞረ 0 ነው። «21ን አሳዩን» በሏቸው። ክፍሉ ይንጫጫል፤ «አንተ ዙር፣ አንቺ አትዙሪ» ይባባላሉ። 16፣ 4 እና 1 ሲታዩ መምህሩ በጠመኔ 10101 ብሎ ይጻፍ። ሁሉም ካርድ ቢታይ ስንት ነው? 31። ስድስተኛ ልጅ ብንጨምር ካርዱ ላይ ስንት ነጥብ ይሁን? እዚህ ላይ ዝም በሉ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ከኋላ «32!» ይላል፤ እጥፍ በእጥፍ እንደሚያድግ ያገኘው እሱ ነው። ኮምፒውተር ቁጥርን እንዴት እንደሚይዝ ያለ አንዲት ዋት ተማሩ።

ሌላው ልጆችን ሮቦት ማድረግ ነው፦ አንዱ ዓይኑን ተሸፍኖ ከበሩ እስከ ሰሌዳው በጓደኛው የጽሑፍ ትዕዛዝ ብቻ ይሄዳል። «ቀጥ ብለህ ሂድ» ስንት እርምጃ ነው? ወንበር ቢገጥመውስ? ስህተቱን ራሳቸው ያርሙታል።

8. ልጆችን መጠበቅ

ከአንድ ተማሪ ጋር ብቻችሁን በተዘጋ ክፍል አትቀመጡ። የግል ስልክ ወይም ቴሌግራም አትለዋወጡ፤ መልእክት ካለ በመምህሩ በኩል ይሁን። ፎቶ ያለ ትምህርት ቤቱና ያለ ወላጅ ፈቃድ አይነሣ፣ አይለጠፍም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

9. ውጭ አገር ሆናችሁ ማገዝ ለምትፈልጉ

ከዋሽንግተንም ከቴል አቪቭም ላፕቶፕ መላክ የሚፈልጉ ወገኖች ብዙ ናቸው። ከመግዛታችሁ በፊት መምህሩን ጠይቁት። ብዙ ጊዜ የጎደለው 20 ማውስ፣ ጥቂት ራም፣ አንድ የኔትወርክ ስዊች (ማሽኖቹን የሚያገናኝ ዕቃ) እና ገመድ ነው። ላፕቶፕ ከላካችሁ ሁሉም ቻርጀር ይኑራቸው፤ ቻርጀሩም በ220 ቮልት የሚሠራ መሆኑን ጀርባው ላይ አንብቡ። በቪዲዮ ማገዝ ከፈለጋችሁ ከልጆቹ ይልቅ ለመምህሩ የዝግጅት ሰዓት ስጡ፤ የአንድ ሰው ጥሪ ለ60 ልጅ ከሚሰራጭ ምስል ያነሰ ኢንተርኔት ይበቃዋል። ቀጠሮውን በኢትዮጵያ ሰዓት ያዙ፤ «3 ሰዓት» ሲሏችሁ ጠዋት ይሁን ማታ አረጋግጡ።

10. መውጫውን ከመጀመሪያው ማዘጋጀት

በመጀመሪያው ወር አንድ ወፍራም ደብተር ግዙና «የላብ መዝገብ» በሉት። የትኛው ማሽን ምን ሆነ፣ በምን ዳነ፣ የትኛው ትምህርት ተሳካ። የሚጽፈው መምህሩ ነው፣ በራሱ እጅ፣ በአማርኛ። የእናንተ ጽሑፍ ከሆነ የእናንተ ደብተር ይሆናል።

መምህሩ ሁለት ሦስት ልጆችን ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል መርጦ የአይሲቲ ክበቡ ጠጋኞች ያድርጋቸው፤ ከመካከላቸው ሴት ትኑር። የ12ኛ ክፍል ጎበዝ ያጓጓል፤ ግን ሰኔ ላይ ይሄዳል።

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ የመምህሩ መሆን አለበት። አራት ሳምንት ሲቀር አንድ ቀን ሆን ብላችሁ ቅሩ፤ አስቀድማችሁ ግን ንገሩት። በማግስቱ ደውላችሁ «ምን አስቸገረ?» በሉ፤ የቀሩትን ሳምንታት በዚያ መልስ ላይ ሥሩ። ስለ ቁልፉም ከርዕሰ መምህሩና ከንብረት ኃላፊዋ ጋር ተነጋገሩ፦ መምህሩ የፈረመበት የቁልፍ ቅጂ በእጁ ይኑር፤ ክፍሉ የሚከፈትበት ቀንና ሰዓት በሩ ላይ ይለጠፍ።

በመጨረሻው ቀን ካቻቢቴውን፣ ብሩሹን፣ ላጲሱንና የተረፉትን ባትሪዎች ለንብረት ክፍል አስረክቡ፤ ሞዴል 19 ይቆረጥላቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት መምህሩ መደወሉ አይቀርም። ስልኩን አንሱ።